ጋቢውን ያየችው ወፍ

«ሰውየውን በዓይንዎ አይተውታል?»

ክንፈሚካኤል ይህን ሲጠይቃት ባንቺአየሁ ከፊቷ የተቀመጠውን ውኃ አንሥታ ጠጣች። መልሱ «አዎ» ወይም «አላየሁም» ነው፤ ከዚያ የዘለለ ነገር የለውም። ቡሬ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ፎቅ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ የራሷ የምስክርነት ወረቀት ተዘርግቷል። ከግርጌው ከሦስት ዓመት በፊት ያሳረፈችው የአውራ ጣቷ አሻራ ሰማያዊ ሆኖ ይታያታል።

ክንፈሚካኤል ከአዲስ አበባ የመጣ አስተርጓሚ ነው። የሚሠራው ባሕር ማዶ ላለ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ ሊቢያ ውስጥ ስደተኞችን መጋዘን እያጎረ ያሰቃይ ነበር የተባለ አንድ ሰው ይዟል። በሰውየው እጅ ጠፉ ከተባሉት ስም ዝርዝር ውስጥ የባንቺአየሁ የበኩር ልጅ የእንዳለው ስም አለበት። ሲሄድ ሃያ ዓመቱ ነበር። ሬሳው አልመጣም።

«እናቴ፣ አይቸኩሉ» አላት ክንፈሚካኤል። «ወረቀትዎ ምን ይላል፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ተከሳሹ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ቆሞ ልጅዎን ሲያሳፍረው አይቻለሁ ይላል። የተከሳሹ ጠበቆች ደግሞ በዚያ ወር ሰውየው ካርቱም እስር ቤት ነበር ብለው ማስረጃ አቅርበዋል። አንድ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን ሁለት ቦታ አይቆምም።»

መናኸሪያ የሚለውን ስትሰማ ባንቺአየሁ ደነገጠች። እሷ ወረቀቱ ስለ መጋዘኑ የሚያወራ ነበር የሚመስላት።

«እንግዲህ ዋሽተሻል ነው የምትለኝ?»

«እሱን የሚነግሩኝ እርስዎ ነዎት። ግን አስቀድሜ ልነግርዎ የሚገባኝ ነገር አለ።» ሌላ ወረቀት አውጥቶ ቀስ እያለ አነበበላት። በዚያ ፍርድ ቤት አውቆ በሐሰት የመሰከረ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል። ሐሰተኛ ምስክር ያሰናዳና ያስጠናም እንደዚያው። ችሎት ቆሞ ከመማሉ በፊት ቃሉን ያቃና ሰው ግን ዳኞች ያዩለታል። «ሐሙስ ጧት ዳኞቹ በዚህ ስክሪን ያነጋግሩዎታል። እስከዚያ ያስቡበት። ግልባጩን ይዘው ይሂዱ፤ የሚያምኑት ሰው ያንብብልዎ።»

የሚያምኑት ሰው። ባንቺአየሁ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ጉያዋ ከተተችው። ማን ነው እሱ?

ወንድምአገኝ ከሆቴሉ በር ባጃጁን አቁሞ ይጠብቃታል። የጅጋ ልጅ ነው። ስለ እንዳለው ሞት መርዶ ይዞ የመጣው እሱ ነበር። ሱዳን ውስጥ ተዋወቅን፣ ሊቢያ አንድ መጋዘን ታጎርን፣ ነፍሱ ስትወጣ ራሱን ያቀፍኩት እኔ ነኝ ብሎ አለቀሰ፤ አገሩን ሁሉ አስለቀሰ። ለተዝካሩ ድንኳን የተከለ፣ ውኃ የቀዳ፣ እንግዳ ያስተናገደ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የቤት ልጅ ሆነ።

«እትየ፣ ምን አሉዎት?» አላት መሪውን እያዞረ።

«አይተሽዋል ወይ አሉኝ።»

«እርስዎስ?»

«ውኃ ጠጣሁ።»

ሳቀ። «ኧረ እትየ! ውኃ በመጠጣት የሚታለፍ ጥያቄ ነው? አይቻለሁ ይበሉ። አሁን ቢያፈገፍጉ ነው የሚያስሩዎት።»

«መናኸሪያ የሚል አለበት አሉ። አንተ ያገኘኸው ሱዳን አልነበር?»

«መናኸሪያውንማ እንዳለው ነው የነገረኝ፣ ነፍሱን ይማረውና። መጋዘን ውስጥ ሌላ ምን ወሬ አለ? የቤቱን ነገር ስንቴ እንዳወራኝ።» በመስታወቱ አያት። «ወረቀት ሰጡዎት እንዴ?»

«ምን ወረቀት?» አለች።

ለምን እንደዋሸችው ራሷም አላወቀችም። እስከ ቤቷ ድረስ ወረቀቱ ጉያዋ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ የሚሰማው እየመሰላት ክንዷን ጥብቅ አድርጋ ተቀመጠች።

ቤት ሲደርሱ መስከረም በር ላይ ቆማ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ለባንቺአየሁ የቀረቻት ልጅ እሷ ብቻ ናት። ወንድምአገኝ አረብ አገር ሥራ አግኝቼላታለሁ ብሏል። ቅዳሜ አዲስ አበባ ይወስዳታል። ቦርሳዋ ታስሮ ከበሩ ኋላ ከተቀመጠ ሰነበተ። «ለጎረቤት አትንገሩ፣ ዓይን ያርፍባታል» ስላላቸው ለማንም አልተነገረም። ባንቺአየሁ ቦርሳውን ባየችው ቁጥር እንዳለውን ታስባለች። አንዱን መንገድ በላው። ሁለተኛዋን ደግሞ በገዛ ደጇ አሳፍራ ልትሸኝ ነው? ግን ምን ብላ ትከልክል? ልጇን ያቀፈላትን ሰው እንዴት አላምንህም ትበለው?

ወረቀቱ የተጻፈ ዕለት ባንቺአየሁ ሀን ከሁ አትለይም ነበር። ወንድምአገኝ ከአንድ ማኅበር ነን ያሉ ሁለት ጸሐፊዎች ይዞ መጣ። እሱ ይናገራል፣ እነሱ ይጽፋሉ፣ እሷ ታለቅሳለች። «በኔ ስም ከሆነ የሰውየው ወገኖች ያጠፉኛል፤ እናትን ግን ማን ይነካል?» አላት።

ይህ ለእሷ እንግዳ ነገር አልነበረም። በአገሯ በሬ ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል፣ ሰው ሁሉ ጥፋተኛውን ሊያወጣጣ ዋርካ ሥር ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። ያየው ሰው በአደባባይ አይናገርም፤ ቂም አለ፣ ጥይት አለ። ለሽማግሎች በጆሯቸው ሹክ ይላል። ይህ ሰው «ወፍ» ይባላል። ከዚያ ሌላው ተነሥቶ ወፍ ያየችውን በራሱ አፍ ያቆመዋል። አባቷ ስንት ጊዜ አፋቸውን ለወፍ አውሰዋል፤ አንድም ቀን ዋሾ አልተባሉም። እሷም ጣቷን ቀለም ስታስነካ ያደረገችው ያንኑ ነው። ያየው ወንድምአገኝ፣ አፉ እሷ። ፈረንጅ ወፍ የሚባል ነገር እንደማያውቅ ማን ነግሯት!

ማክሰኞ ጧት ይህንኑ ለነፍስ አባቷ ለቄስ ተስፋው ነገረቻቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አቀርቅረው ሰሟት። ስትጨርስ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ጠቀጠቁ።

«አንድ ነገር ረስተሻል፣ ልጄ» አሉ። «ወፍ ከአገሩ ትደበቃለች እንጂ ከሽማግሎቹ አትደበቅም። ሽማግሎቹ ‹ከየት ሆነሽ አየሽ? በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?› ብለው ይመረምሯታል። ለምን መሰለሽ? ወፊቱ ራሷ ሌባ የሆነችበት ጊዜ ስላለ ነው።»

«አባ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«ምንም አላልኩም። ያንቺን ወፍ ማን መረመራት ነው የምልሽ።»

«እውነቱን ብናገር ያስሩኛል?»

«እሱን አላውቅም። በሐሰት የማለ በኛ ዘንድ ይገዘታል። ጎረቤት እሳት አይሰጠውም፣ ከማድጋው ውኃ አይቀዳለትም። ፈረንጅስ ደግ ነው፤ አምስት ዓመት ብሎ ይቆርጠዋል። ግዝት ማብቂያም የለው።»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ባንቺአየሁ ሰው ማመን አቃታት። መንገድ ላይ ሰላም ያላትን ሁሉ እሱም ያውቃል ይሆን ትላለች። ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ካየች ስለ እሷ ይመስላታል። ቄሱስ ያንን የተናገሩት አውቀው ነው ወይስ እንዲሁ ለምክር? መስከረም ስልኳን ይዛ ከጓሮ ስትንሾካሾክ ሰማቻትና፣ ጆሮዋን ከግድግዳው ለጥፋ ቆመች። በራሷ አፈረች፤ ግን አልሄደችም።

ረቡዕ ጧት የጎልማሶች ትምህርት ቀን ነው። ባንቺአየሁ ሁለት ዓመት ተምራለች። የጀመረችው በዚሁ በእንዳለው ምክንያት ነው፤ ስሙ ከተጻፈበት ዝርዝር ላይ አንድ ቀን ራሷ ታገኘው ዘንድ። ክፍሉ ውስጥ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠችና ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ዘረጋችው። ጎረቤቷ እናኑ ወዲያው አንገቷን አሰገገች።

«ባንች፣ ምንድን ነው እንደ ዶሮ የምትጭሪው? የፍቅር ደብዳቤ ነው?»

«በዚህ ዕድሜየ!»

«እህ! ታዲያ ፊደል የቆጠርነው ለምን ሆነና? እኔ ቢጻፍልኝ ቆሜ ነው የማነብ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መምህሯ ያምሮት መጥታ ከአጠገቧ ጎንበስ አለች። «ረጅም ነው፣ እትየ። ላንብብልዎ?»

ባንቺአየሁ ወረቀቱን በመዳፏ ከደነችው። ያምሮትም የጅጋ ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ከወንድምአገኝ ባጃጅ ስትወርድ አይታታለች። ባጃጅ ላይ የማይሳፈር ማን አለ? ግን ሰው ሲያነብልሽ የዘለለውን አታውቂም፤ የጨመረውንም አታውቂም። አንዴ በሰው አፍ ሰምታ ጣቷን አትማለች። ሁለተኛ አይደገምም።

«አይ፣ የኔ ልጅ። እኔው ልጋፈጠው።»

ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ ጀመረች። አንዱን ቃል ትይዝና ሦስት ጊዜ ትመላለስበታለች። «ተከሳሹ» የሚለውን ስትሻገር ላብ አሰጥሟታል። ሌሎቹ ደብተራቸውን ዘግተው ሄዱ። ያምሮት ሰሌዳውን አጥፍታ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወቻት። ቀትር ሊሆን ሲል ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አገኘች፦

«ልጄ ጋቢውን አውልቆ በመናኸሪያው በር ለተቀመጠ ሽማግሌ ለማኝ አለበሰው። አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ ለማኙ ከጋቢው ጫፍ ቋጠሮ ውስጥ የብር መስቀል አገኘ። ‹የልጁ ነው፣ ስጡልኝ› ብሎ ሲጮህ ተከሳሹ ‹አደርስለታለሁ› ብሎ ሲቀበለው በዓይኔ አይቻለሁ።»

ጣቷ ከመስመሩ ላይ ቀረ።

ያ ጋቢ የሟቹ ባሏ የጌታሁን ነበር። ጥጡን ፈትላ ያሠራችው እሷ፣ እሳት የበላውን ጠርዝ በጥቁር ክር የጠቀመችው እሷ። ጌታሁን የሞተ ጊዜ መስቀሉን እንዳይጠፋ ብላ ጫፉ ላይ የቋጠረችውም እሷ ናት። ለእንዳለው አልነገረችውም። እንዳለው የሄደው እሷ የኅዳር ሚካኤልን ቅዳሴ ልታስቀድስ በወጣችበት ጧት ነው፤ ስትመለስ ልጁም ጋቢውም የሉም። በዓመቱ ፍኖተ ሰላም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ያንን ጥቁር ስፌት በአንድ ሽማግሌ ትከሻ ላይ አየችው። ሽማግሌው ሁሉን ነገሯት። ልጅ አለበሰኝ፣ መኪናው ከሄደ በኋላ መስቀል አገኘሁ፣ ያሳፈረው ጎረምሳ አደርስለታለሁ ብሎ ወሰደው። ጋቢውን አልነጠቀቻቸውም። በልጇ እጅ የተመጸወተ ነውና እጃቸውን ስማ ተመለሰች። ሽማግሌው በዚያው ክረምት ሞቱ። ነገሩን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የአባቷ መስቀል ደላላ ኪስ ገባ ብላ መስከረምን ምን ትበላት?

እንግዲህ ይህን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሽማግሌው ሞተዋል። እሷ አልተናገረችም። ሦስተኛው መስቀሉን የወሰደው ነው።

ወረቀቱን ዳግመኛ አየችው። ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። የተናገረው ሰው ሁሉን ነገር እንደሆነው ተናግሮ፣ ራሱን ብቻ አውጥቶ ሌላ ሰው ተክቶበታል። እሷ ማንበብ እንደማትችል አምኖ ነው።

ቤት ስትገባ ወንድምአገኝ ምሳ ላይ ነበር። መስከረም ወጥ ትጨምርለታለች። ባንቺአየሁ ነጠላዋን ሳታወርድ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ። የመናኸሪያውን ነገር እንዳለው ነው የነገረህ?»

«ነግሬዎት የለም እንዴ፣ እትየ? በሱ ነፍስ!»

«ጋቢውን ለለማኝ መስጠቱንም?»

ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ ያዘው። «እ... አዎ። እሱንም ነግሮኛል። ደግ ልጅ ነበር።»

«እማየ፣ ሰውየውን እህል አስበይው እንጂ» አለች መስከረም። «ከቡሬ ከመጣሽ ጀምሮ ሁሉንም ትጠረጥሪያለሽ። እኔንም ሳይቀር!»

ባንቺአየሁ ከጉያዋ ወረቀቱን አወጣች። ወንድምአገኝ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ በሩን አየ። እሷ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ፣ እየተንተባተበች፣ አንድም ቃል ሳትዘል አነበበችው። «አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ከወጣ በኋላ ነው የሚለው። እንዳለው አውቶቡሱ ውስጥ ነው። ኋላው የሆነውን ከየት አምጥቶ ነገረህ?»

«ጸሐፊዎቹ ጨምረውት ይሆናል።»

«ጸሐፊዎቹ መስቀሉን የት አዩት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እትየ! የቆየ ነገር እኮ ነው!»

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፣ ወንድሜ። እኔ የመስቀሉ ባለቤት ለማንም ያልተናገርኩትን፣ አንተ እንዴት አወቅህ?»

ወንድምአገኝ እጁን ሳይታጠብ ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ድምፁ ግን አልተለወጠም። «ነገ ዳኞች ፊት ይህን ካወሩ የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት። ጣቱ የርስዎ ነው። የእንዳለውንም ስም ከዝርዝሩ ይፍቁታል፣ ይወቁት። ቆሞ ያለው በርስዎ ቃል ብቻ ነው።» ወደ መስከረም ዞረ። «ቅዳሜ ድረስ መቆየት የለም። ነገ ጧት ነው የምንሄደው። ተዘጋጂ።»

ባጃጁ ሲርቅ መስከረም ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ባንቺአየሁ ልጇን ቀና ብላ አየቻት። «አትሂጂ» ልትል ነበር። ግን እንዳለውንም ስንት ጊዜ አትሂድ ብላው ነበር። ወረቀቱን መሶቡ ክዳን ላይ አስቀመጠችላት።

«አንቺ አስረኛ ክፍል ደርሰሻል። ከኔ ይልቅ ይፈጥንልሻል፤ አንብቢው» አለቻት።

ሐሙስ በጧት ባንቺአየሁ በሚኒባስ ብቻዋን ቡሬ ሄደች። ስትወጣ መስከረም ተሸፋፍና ተኝታ ነበር፤ ወይም የተኛች መስላ። ቦርሳው ከበሩ ኋላ እንደታሰረ ነው። ወረቀቱ ከመሶቡ ክዳን ላይ የለም። በመኪናው አጠገብ ባለፈ ባጃጅ ሁሉ ውስጥ ሁለት ሰው እየፈለገች፣ አንገቷን እያዞረች ሄደች።

ስክሪኑ ላይ ሦስት ዳኞች ተደርድረዋል። መሐል ያለችው ነጭ ፀጉር ያላት ሴት ናት። ስትናገር ክንፈሚካኤል ይተረጉማል። ጥያቄው ያው የሰኞው ነበር።

«ሰውየውን በዓይንዎ አይተውታል?»

«አላየሁትም» አለች ባንቺአየሁ። «የዚያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ሰውየውን አንድም ቀን አላየሁትም። ጣቱ የኔ ነው፤ ቃሉ የኔ አይደለም። በአገራችን ያየ ሰው ሲፈራ ሌላው አፉን ያውሰዋል። እኔም አፌን አዋስኩ። ማንን እንዳዋስኩ ያወቅሁት ትናንት፣ ራሴ ሳነበው ነው።»

«ቃሉ የማን ነው?»

ስሙን ተናገረች። የጋቢውን፣ የመስቀሉን፣ የሽማግሌውን ነገር አንድ በአንድ አስረዳች። የጅጋው ወንድምአገኝ ስትል የክንፈሚካኤል እስክሪብቶ ቆመ። ከፊቱ ያለውን ፋይል ሁለት ቅጠል ገልጦ አየና መጻፉን ቀጠለ። ያንን ስም ከሌላ ሰውም ሰምቶት እንደሆነ ጠረጠረች፤ አልጠየቀችውም።

ዳኛዋ ረጅም ተናገረች። ክንፈሚካኤል አሳጥሮ ነገራት። ሳትምል በፊት ስላቃናችው ይታይላታል፤ ስለ ቅጣቱ ግን ውሳኔው በኋላ ይላካል። በእንዳለው ስም የቀረበው ክስ በእሷ ቃል ላይ የቆመ ስለነበር ይሰረዛል። ሌሎቹ ክሶች ይቀጥላሉ።

«ሳትሰርዙት አሳየኝ» አለችው።

በአማርኛ የተጻፈውን ዝርዝር አቀረበላት። ከላይ በጣቷ እየቆጠረች ወረደች። አሥራ አራተኛው ላይ አገኘችው። እንዳለው ጌታሁን። ለዚህ ነበር ሁለት ዓመት የተማረችው። ሁለት ጊዜ አነበበችውና ወረቀቱን መለሰችለት። ለአዲሱ ቃሏ ክንፈሚካኤል የቀለም ሳጥን ከፍቶ ሲያቀርብላት በእጇ ገፋ አድርጋ እስክሪብቶውን ተቀበለችውና ስሟን ጻፈች። የመጨረሻው ፊደል ከመስመር ወጣባት።

ከአስፋልቱ ወርዳ ወደ ቤቷ ስትቃረብ እናኑ ከማሳ ዳር ቆማ በእጇ ጠራቻት።

«ባንች! ያ ባለ ባጃጅ ጧት መጥቶ ሲያጮኸው ነበር። ጡሩንባው ጆሮየን በላው። ኋላ ሄደ።»

«ብቻውን?»

«እኔ እንጃ፤ በሬ ልቀይር ወርጄ ነበር። አላየሁም። ያላየሁትን አልልሽ።»

ባንቺአየሁ ሮጠች። በሩ ገርበብ ብሏል። መስከረም መደብ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትለቅማለች። ወረቀቱ ጭኗ ሥር ነው። ዓይኗ ቀልቷል። ቀና ብላ እናቷን አላየችም።

«ስሙን ሰረዙት?» አለች።

«ሰረዙት።»

መስከረም ባቄላዋን መልቀሟን ቀጠለች። ባንቺአየሁም ከአጠገቧ ተቀምጣ የባቄላውን ቆሻሻ መልቀም ጀመረች።

አርብ ዕለት ፖሊሶች ጅጋ ሄደው ወንድምአገኝን አጡት። ባጃጁን ቡሬ አቁሞ በነቀምት መኪና ተሳፍሯል አሉ። በወሩ ክንፈሚካኤል ደውሎ ፍርድ ቤቱ ባንቺአየሁን በማስጠንቀቂያ እንዳለፋት፣ ሐሰተኛ ምስክር ባሰናዳው ላይ ግን የእስር ትእዛዝ እንዳወጣ ነገራት። መስከረም እናቷን በቅጡ ያነጋገረቻት ከዚያም በኋላ ነው። ቦርሳውን እስካሁን አልፈታችውም።

ወንድምአገኝ ሄደ። መስከረም ቀረች።